ቶማስ ሜንደንሆል

ቶማስ ሜንደንሆል እ.ኤ.አ. በ1841 በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ተወለደ። በዩኒቨርሲቲ ሳይማር በግል ጥረቱ የፊዚክስ መምህር ለመሆን በቃ። ከ1878 እስከ 1881 በቶኪዮ ሲያስተምር ፉጂ ተራራ ላይ ወጥቶ የምድርን የስበት ኃይል ለካ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ መጽሔቶች ይወጡ ከነበሩት ጽሑፎች ብዙዎቹ የጸሐፊ ስም አልነበረባቸውም። አንባቢ ባለቤታቸውን የሚገምተው ከአጻጻፋቸው ለዛ ተነሥቶ ነበር። ሜንደንሆል ግን የአጻጻፍ ስልት እንደ ብርሃን ሊለካ ይችላል ብሎ አሰበ። ሐሳቡን አስቀድሞ በ1851 ያነሣው የሒሳብ ሊቁ ዲ ሞርጋን ነው። ሜንደንሆል በወርኃዊ መጽሔት በተከታታይ ወጥቶ የነበረውን የዲከንስን «ኦሊቨር ትዊስት» ወስዶ፣ እያንዳንዱ ቃል ስንት ፊደል እንዳለው ቆጠረ። ውጤቱንም በ1887 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አወጣ።

የሼክስፒርን ተውኔቶች የደረሰው ፍራንሲስ ቤከን ነው የሚሉ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ሜንደንሆል ይህንንም በቆጠራ መረመረ። ሁለት ሴቶች በመቁጠሪያ መሣሪያ እየታገዙ ሁለት ሚሊዮን ያህል ቃላት ቆጠሩለት። አድካሚ ሥራ ነበር። በሼክስፒር ዘንድ ባለ አራት ፊደል፣ በቤከን ዘንድ ባለ ሦስት ፊደል ቃላት በዝተው ተገኙ። ውጤቱ በ1901 ታተመ።

ሜንደንሆል በ1924 ሞተ። በ1975 ዊልያምስ የተባለ ተመራማሪ ቆጠራውን እንደገና መርምሮ አንድ ጉድለት አገኘ። የተነጻጸሩት የሼክስፒር ግጥምና የቤከን ዝርው ጽሑፍ ነበሩ፤ የአንድ ደራሲ ግጥምና ዝርው ጽሑፍም ቢሆን በቃላት ርዝመት ይለያያል።