አትክልተኛው ጆሴፍ ፓክስተን

ታላላቅ ሕንፃዎችን የነደፉ ሰዎች ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የምሕንድስና ትምህርት ስለ ፈጸሙት ነው። በዚህ በበዓል መጽሔታችን ላይ ስለ ሕይወቱ ለመጻፍ የመረጥሁት እንግሊዛዊ ግን የምሕንድስና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ፥ በዘመኑ ዓለምን ያስደነቀውን ሕንፃ የነደፈ አትክልተኛ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነለት ለመረዳት ያደገበትንና የሠራበትን ቦታ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆሴፍ ፓክስተን በ1803 ዓ.ም. በቤድፎርድሺር አውራጃ ሚልተን ብራያን በምትባል መንደር ከአንድ ገበሬ ተወለደ። ለአባቱ ሰባተኛ ወንድ ልጅ ነበረ። በ15 ዓመቱም በአንድ ባለጸጋ ግቢ የአትክልት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። በ1823 ዓ.ም. ለንደን አጠገብ በቺዝዊክ በሚገኘው የአትክልት ማኅበር ሥራ አገኘ። ሲመዘገብ በ1801 ተወለድሁ ብሎ ዕድሜውን በሁለት ዓመት አስበልጧል። መምህራኖቻችን ይህን እንደማይወዱለት አውቃለሁ፤ ነገር ግን የታሪኩ ክፍል ስለ ሆነ አልሸሸግሁትም።

ማኅበሩ መሬቱን የተከራየው ከዴቮንሺር መስፍን ነበር። የመስፍኑ ቤት በአጠገቡ ስለ ነበረ ወደ አትክልቱ እየገቡ ሲንሸራሸሩ ከዚህ ትጉህ ወጣት ጋር ተዋወቁ፤ በ1826 ዓ.ም.ም ገና 23 ዓመት ሳይሞላው በቻትስዎርዝ ርስታቸው የአትክልተኞች አለቃ አድርገው ሾሙት። ፓክስተን ቻትስዎርዝ የደረሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሚከፍትለት ሰው ስላልነበረ አጥሩን ዘሎ ገባ፤ ግቢውን ዞሮ ተመለከተ፤ 12 ሰዓት ሲሆን ሠራተኞቹን ሥራ አስጀመረ፤ ከዚያም የቤቱ ኃላፊ ከነበሩት ወይዘሮ ጋር ቁርስ ሲበላ ዘመዳቸውን ሣራ ቦውንን አይቶ ወደዳት። ይህ ሁሉ የተፈጸመው ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ። ባሏ በሌለ ጊዜ ሥራውንና ሒሳቡን የምትቆጣጠረው ሣራ ስለ ነበረች ከዝናው ድርሻ ይገባት ነበር፤ ዳሩ ግን ስሟን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

በእንግሊዝ አገር በክረምት ብርሃን እጅግ ያንሳል። ከሞቃት አገር የመጡ ተክሎች የሚያድጉባቸው የመስተዋት ቤቶች ደግሞ እንጨታቸው ወፍራም ስለ ነበረ ጥላ ያጠሉ ነበር። ፓክስተን በየዕለቱ የሚጠወልጉትን ተክሎች ያይ ስለ ነበር እንጨቱን አቀጠነ። ጣራውንም እንደ ታጠፈ ወረቀት ጎባጣና ስርጉድ እያደረገ ሠራው፤ በዚህም የጧትና የማታ ፀሐይ በመስተዋቱ ላይ ቀጥ ብላ ታርፍ ጀመር። ቀጫጭኑን የመስተዋት ማቀፊያ እንጨት የሚቈርጥ መኪናም አዘጋጀ። ከ1836 እስከ 1840 ዓ.ም. አርክቴክቱ ዴሲመስ በርተን እየረዳው 84 ሜትር ርዝመት ያለው ታላቅ የመስተዋት ቤት በቻትስዎርዝ ተሠራ።

በ1849 ዓ.ም. በንግሥት ቪክቶሪያ ስም የተሰየመ፥ ከአማዞን ወንዝ አገር የመጣ የውሃ አበባ ችግኝ ተሰጠው። በኪው የሚገኘው የመንግሥት የአትክልት ስፍራ ሊያስፈነድቀው አልቻለም ነበር። ፓክስተን ግን ውሃውን እያሞቀና እያንቀሳቀሰ በዚያው ዓመት በኖቬምበር አበባውን አሳየ። ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ክብና ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ ሲሆን፥ ስፋቱ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ፓክስተን ትንሿን ልጁን አኒን በላዩ ላይ ቢያቆማት ቅጠሉ ቻላት። ገልብጦ ቢያየው ከመካከሉ ወደ ዳር የሚሄዱ ወፋፍራም አውታሮችንና እነሱን የሚያያይዙ ቀጫጭን አግዳሚዎችን አገኘ። ስስ ነገር በአውታር ሲደገፍ ብዙ ክብደት እንደሚሸከም ያየው በዚህ ነው።

በ1851 ዓ.ም. የሕዝቦች ሁሉ የእጅ ሥራና የፋብሪካ ውጤት የሚታይበት ታላቅ ኤግዚቢሽን በለንደን በሃይድ ፓርክ መናፈሻ እንዲደረግ ተወሰነ። ለሕንፃው ከ200 የሚበልጡ ፕላኖች ቀርበው አንዱም አልተመረጠም። ኮሚቴው ራሱ ያወጣው ፕላን ደግሞ በሚሊዮን የሚቈጠር ጡብ የሚፈጅ ስለ ሆነ ሕዝቡ ተቃወመው። የቀረው ጊዜ ከአንድ ዓመት ያነሰ ነበር።

ፓክስተን በዚያን ጊዜ የምድር ባቡር ኩባንያ ዲሬክተር ሆኖ ነበር። በጁን 11 ቀን 1850 ዓ.ም. በደርቢ ከተማ ስብሰባ ላይ ሳለ በቀለም መምጠጫ ወረቀት ላይ አንድ ንድፍ ጫረ። ወረቀቱ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል። ያየው ሰው ድንገት የመጣ ሐሳብ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ያ ጭረት ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል ባይ ነኝ። የታጠፈው ጣራ፥ በመኪና የተቈረጠው እንጨት፥ የዝናቡንም ሆነ የመስተዋቱን ላብ የሚቀበለው አሸንዳ ከቻትስዎርዝ የተገኙ ናቸውና። አሸንዳው የያዘው ውሃ ወደ ታች የሚወርደው ውስጣቸው ክፍት በሆኑት የብረት ምሰሶዎች በኩል ነው።

ብዙ ሰዎች በረዶ ይሰብረዋል፥ ነፋስ ይጥለዋል እያሉ ተሳለቁበት። የፎቁን ጥንካሬ ለመፈተን ወታደሮች በላዩ ላይ እንዲረግጡና እንዲዘሉ ተደረገ፤ ምንም አልሆነም። ክፍሎቹ በየፋብሪካው በአንድ ልክ ተሠርተው ስለ መጡ ሥራው ፈጠነ። 80 ሠራተኞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ18,000 የሚበልጥ መስተዋት ገጠሙ። በመናፈሻው የነበሩት ረዣዥም ዛፎች ሳይቈረጡ ጣራው ከፍ ተደርጎ በውስጡ ቀሩ፤ ይህ የአትክልተኛን ልብ ሳያስደስት አይቀርም። ክሪስታል ፓላስ የተባለው ይህ 563 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ በሜይ 1 ቀን 1851 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ በተገኙበት ተከፈተ፤ እስኪዘጋም ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ጊዜ ተጐበኘ። ፓክስተን በዚያው ዓመት የሰር ማዕረግ ተሰጠው።

ቤቱ ፈርሶ በ1854 ዓ.ም. በሲደንሃም እንደ ገና ሲሠራ ለፏፏቴዎቹ ውሃ የሚይዙ ማማዎች አስፈለጉ። መጀመሪያ የተሠሩት ክብደቱን የማይችሉ ሆነው ስለ ተገኙ ታላቁ መሐንዲስ ብሩኔል ተጠርቶ ሌሎች ሠራ። እጅግ ከባድ የሆነ ውሃ ከፍ አድርጎ መያዝ ከመስተዋት ቤት ሥራ የሚማሩት ነገር አልነበረም።

ፓክስተን ከ1854 ዓ.ም. ጀምሮ የኮቨንትሪ ከተማ የፓርላማ እንደራሴ ሆኖ ሠራ፤ በጁን 8 ቀን 1865 ዓ.ም.ም በሲደንሃም ዐረፈ። ሕንፃው በ1936 ዓ.ም. በእሳት ተቃጠለ። ፓክስተን የተቀበረው ግን በሲደንሃም ሳይሆን፥ በዚያ ሌሊት አጥር ዘሎ በገባበት በቻትስዎርዝ አጠገብ፥ በኤደንሶር መንደር ነው።