የደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ሞትና የመንግሥታት ማኅበር ዕዳ

መንግሥታት ለምን ማኅበር ያቋቁማሉ? ጥያቄው ለዲፕሎማቶች ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከጄኔቭ አዳራሽ ተነሥቶ እስከ ሰቆጣ ገበያ የዘለቀ፣ የደም ዋጋም የተከፈለበት ጥያቄ መሆኑን የደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ሕይወት ያስረዳናል።

ደጃዝማች ኃይሉ የዋግሹም ከበደ ልጅ ናቸው። የዋግሹሞች ቤት ትውልዱን ከዛጉዌ ነገሥታት የሚቆጥር፣ ሰቆጣን መቀመጫው አድርጎ ዋግን በዘር ሲያስተዳድር የኖረ የመሳፍንት ቤት ነበር። ይህ ቤት በገባሩ ትከሻ ላይ የቆመ እንደ ነበር አንዘነጋም። ይሁን እንጂ ሰውን የምንመዝነው በተወለደበት ቤት ብቻ ሳይሆን በቁርጥ ቀን በቆመበት ወገን ጭምር ነው።

ኢትዮጵያ በመስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ዙሪያዋን በቅኝ ገዥዎች ለተከበበች አገር ይህ ታላቅ ተስፋ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ከእድራችን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤት ለጎረቤት መረዳዳት ያለ እድርም ነበረ። መተዳደሪያ ደንብ መጻፉ፣ መዋጮ መወሰኑና ዳኛ መሰየሙ ግን ርዳታውን ከሰው በጎ ፈቃድ አውጥቶ ግዴታ ያደርገዋል፤ ድኻውም ከባለጸጋው እኩል ይጠይቃል። የመንግሥታቱም ማኅበር ቃል ይኸው ነበር፤ አንዱን አባል የወረረ ሁሉንም እንደ ወረረ ይቆጠር ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ ጦርነት ሳታውጅ ድንበራችንን ጣሰች። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ወራሪነቷን መሰከረ፤ 50 የሚሆኑ መንግሥታትም ማዕቀብ ለመጣል ተስማሙ። ማዕቀቡ በኅዳር ወር ሲጀመር ግን ነዳጅ፣ ከሰልና ብረት አልተካተቱበትም። የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። ኢጣሊያ ራሷ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ የፈረመችው ውል የከለከለው የመርዝ ጋዝ በተምቤንና በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ በሠራዊታችን ላይ ዘነበ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ላለማስቀየም ሲጠነቀቁ ደንቡ ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ ማዕቀቡም በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ተነሣ።

የዋግ ሕዝብ ግን የጄኔቭን ውሳኔ አልጠበቀም። በ1929 ዓ.ም. ክረምት ጎጃምና በጌምድር በጠላት ላይ ሲነሡ ዋግና ላስታም ተነሡ፤ ከመሪዎቹም ዋነኛው ደጃዝማች ኃይሉ ነበሩ። አውሮፕላንና መድፍ ያለውን ጦር ገበሬው በያዘው ጠመንጃ ተጋፈጠው። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ደጃዝማች ኃይሉ በጠላት እጅ ወድቀው ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ሕዝቡን እንዲያሸብር በሰቆጣና በኮረም በአደባባይ ታየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥሞና ልንመረምር ይገባል። ኢጣሊያ ከማኅበሩ የወጣችው በታኅሣሥ 1930 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ደጃዝማች ኃይሉ ሲሰየፉ ገዳይና ተገዳይ አገር የአንድ ማኅበር አባላት ነበሩ። እድርተኛውን የገደለ እድርተኛ ከማኅበርተኞቹ መካከል ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ማኅበር ከንቱ ነው ልንል ነውን? አይደለም። ወራሪ ተብሎ የተጻፈው አልተፋቀም። በመስከረም 1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መልእክተኞች በማኅበሩ ጉባኤ እንዲቀመጡ ተፈቀደ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ወረራውን ኋላ ሲያጸድቁ ሶቪየት ኅብረት፣ አሜሪካና ሜክሲኮ አላጸደቁም። ድል ከተገኘ በኋላ ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መሥራቾች አንዷ ሆነች፤ በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የፓሪስ ውልም ኢጣሊያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል አስገደደ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ከዚያ በፊት በ1954 ዓ.ም. ምሥራቅ አፍሪካ ለአንበጣ መከላከያ የጋራ ድርጅት አቁሟል፤ አንበጣ ድንበር አያውቅምና ማንም መንግሥት ብቻውን የዋግን ማሳ ከመንጋ ሊያድን አይችልም።

እንግዲህ ከደጃዝማች ኃይሉ ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት ሁለት ፊት አለው። መንግሥታት በደንብና በጽሕፈት ቤት የሚተባበሩት ብቻቸውን የማይወጡት ጉዳይ ስላለ ነው። ደንቡ ግን በራሱ ክንድ የለውም፤ ክንዱ አባላቱ ናቸው። ኃያላኑ መዋጮአቸውን ሲሸሽጉ ዕዳው በሩቅ ደጋ በሚኖር ገበሬ ላይ ይወድቃል። የሰቆጣ ገበያ ይህን ዕዳ ከፍሎ አይቶታል። ስለዚህም ከማኅበር አንውጣ፤ ማኅበርተኛውንም ቃሉን እንዲፈጽም ከመጠየቅ አንቦዝን።