አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፤ ከወፍጮ ቤት የተነሣው ሊቅ

ሐምሌ 7 ቀን፣ ከቅድስት ሥላሴ በዓል ጋር ዕረፍቱን የምናስበው አባ ጊዮርጊስ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በወሎ ቦረና ሰግላ በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በቤተ መንግሥት የታወቁ ሊቅ ነበሩ። ልጃቸውንም ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰደዱት።

የሊቁ ልጅ ግን ትምህርቱ አልገባ አለው። ባልንጀሮቹ ቀድመውት ሲሄዱ እርሱ ለማኅበሩ እህል ይፈጭ ነበር። ገድሉ እንደሚተርከው፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ሲለምን ኖሮ ጽዋዐ ልቡናን አጠጣችው፤ ምስጢርም ተገለጠለት። ታሪኩን ስንሰማ አብዛኞቻችን ወደ ጽዋው እንቸኩላለን፤ ወፍጮውን ግን እንዘልለዋለን። ብላቴናው እኮ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከገዳሙ አልኮበለለም፤ እጁ መጁን ሲገፋ ልቡ ከመጻሕፍቱ አልራቀም።

ያ ትምህርት የከበደው ተማሪ ኋላ መጽሐፈ ሰዓታትን ደረሰ። በዐፄ ዳዊት ዘመን በሃይማኖት ክርክር ምክንያት ተከስሶ ታሰረ። በ1416 ዓ.ም. የአርዮስንና የንስጥሮስን ትምህርት የሚነቅፈውን ታላቁን መጽሐፈ ምስጢር ፈጸመ፤ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። ሰዓታቱ ግን ዛሬም በየአድባራቱ ሌሊት ይቆማል።