ሊመለስ የነበረው ጽሑፍ፦ የሳሙኤል ጎድስሚት ሕይወት

ሳሙኤል ጎድስሚት እ.ኤ.አ. በ1902 ሆላንድ ውስጥ በዘ ሄግ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ነጋዴ ነበሩ፤ እናቱ የሴቶች ባርኔጣ ሱቅ ነበራቸው። ልጃቸው ግን ንግዱን ትቶ ፊዚክስ ሊማር ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በዚያን ጊዜ ሳይንቲስቶችን ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። አቶም የሚሰጠው ብርሃን ተለይቶ ሲታይ፣ አንድ መስመር በሚጠበቅበት ቦታ ሁለት ተጠጋግተው ይወጣሉ። ለምን? በ1925 ሳሙኤል፣ የ23 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ከጓደኛው ከጆርጅ ኡህለንቤክ ጋር መልስ አገኘ። ኤሌክትሮን እንደ እንዝርት የራሱ ሽክርክሪት አለው፣ ስለዚህም እንደ ትንሽ ማግኔት ይሠራል አሉ። ይህ ባሕርይ ስፒን ይባላል።

አጭር ጽሑፍ ጽፈው ለመምህራቸው ለፓውል ኤረንፌስት ሰጡ። ኋላ ግን ትልቁ የፊዚክስ ሊቅ ሎሬንትዝ ነገሩን አስልተው ተቃወሙ፤ ኤሌክትሮን እንደ ኳስ የሚሾር ከሆነ ጠርዙ ከብርሃን በላይ መፍጠን አለበት፣ ይሄ ደግሞ አይሆንም። ልጆቹ ደነገጡ፤ ጽሑፉ ይመለስ አሉ። ኤረንፌስት ግን ልከውት ነበር። ገና ወጣቶች ስለሆኑ አንድ ስሕተት ቢሠሩም እንደማይጎዳቸው ነገሯቸው።

ሎሬንትዝ ልክ ነበሩ፤ ኤሌክትሮን እንደ ኳስ አይሾርም። ስፒን ግን እውነት ሆኖ ተገኘ።

ሳሙኤል በ1927 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር አሜሪካ ሄደ። ወላጆቹ ግን ሆላንድ ቀሩ። የአሜሪካ መግቢያ ወረቀታቸው የደረሰው በ1940 ጀርመን ሆላንድን ከመውረሯ ጥቂት ቀናት በፊት ነበር፤ ጊዜ አልበቃቸውም። በ1943 አውሽዊትስ ተገደሉ። እሱ ጀርመኖች አቶም ቦምብ ሠርተው እንደሆነ የሚያጣራው የአሜሪካ ቡድን ሳይንሳዊ መሪ ሆኖ አውሮፓ ሲመለስ፣ ያደገበትን ቤት ባዶውን ቆሞ አገኘው። ትንሽ ቀደም ብዬ ብሯሯጥ ኖሮ እያለ ራሱን ይወቅስ ነበር።

ሥራውን ግን አልተወም። በ1958 ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ የተባለውን መጽሔት መሠረተ። ዓላማው አጫጭር አዳዲስ ግኝቶች ቶሎ እንዲወጡ ነው። ኖቤል ሳይሸለም በ1978 አረፈ።

በ2012 በዚሁ መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። በፕላቲነም ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ፣ አንድ ዓይነት ስፒን ያላቸው ኤሌክትሮኖች ወደ ላይ፣ ተቃራኒዎቹ ወደ ታች ይሄዳሉ። ከላዩ አንድ ናኖሜትር የማይሞላ ስስ የኮባልት ንጣፍ ቢቀመጥበት፣ ወደ ላይ የሚመጣው ስፒን በትንሽ ማግኔት እየታገዘ የንጣፉን የማግኔት አቅጣጫ ይገለብጠዋል። የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ስትቀይሩት መልሶ ይገለበጣል። አንዱ አቅጣጫ ዜሮ፣ ሌላው አንድ ማለት ነው፤ ኮምፒውተር የሚያስታውሰው በነዚህ ነው። መብራት ቢጠፋም የተጻፈው አይጠፋም። በስፒን የሚሠሩ ሚሞሪዎች ዛሬ ገበያ ላይ አሉ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይሄ ሁሉ የመጣው ሁለት ልጆች ፈርተው ሊመልሱት ከነበረ አጭር ጽሑፍ ነው። ያላለቀ ሐሳብ ካላችሁ ለአንድ ሰው አሳዩ። ወላጆችም ልጃችሁ ያልተጨረሰ ነገር ይዞ ሲመጣ፣ ኤረንፌስት እንዳደረጉት ተቀብላችሁ እዩለት።