አድሚራል ግሬስ ሆፐር፤ ከልማድ ጋር ሲሟገቱ የኖሩ ፕሮግራመር

የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበሩት ግሬስ ሆፐር በቢሯቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ሰዓት እንደ ሌሎቹ ሰዓቶች አልነበረም። ቁጥሮቹ በግልባጭ የተደረደሩ ሲሆኑ ጠቋሚዎቹም ወደ ቀኝ በመዞር ፈንታ ወደ ግራ ይዞሩ ነበር። ሰዓቱ ጊዜውን ሳያዛንፍ ይቆጥራል፤ ለቢሮው እንግዳ የሆነ ሰው ግን ሲያየው ግር ይለዋል። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ማንበቡን ይለምደዋል፤ በዚያን ጊዜም የሰዓት ጠቋሚ ወደ ቀኝ ብቻ እንዲዞር የሚያስገድድ ሕግ አለመኖሩን ይገነዘባል። ሰዓቱ የተሰቀለውም ለዚሁ ትምህርት ነበር። አንድ ሥራ ቀድሞም በዚህ መንገድ ሲሠራ ስለኖረ እንዲሁ ይቀጥል የሚለውን ምክንያት ያህል ሆፐርን የሚያስቆጣቸው ነገር አልነበረም።

ስለ እኒህ ሴት ብዙ ይወራል። ኮምፒዩተር ውስጥ የገባችውን የእሳት ራት ያገኙ እርሳቸው ናቸው ይባላል፤ ኮቦል የተባለውንም የፕሮግራም ቋንቋ ብቻቸውን እንደ ፈጠሩ ይነገራል። ሁለቱም ወሬዎች ከእውነቱ ያፈነገጡ ናቸው። በሙያው ለተሰማራ ሰው ከወሬው ይልቅ የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ ይኸውም ፕሮግራም ከሁሉ አስቀድሞ ሰው እንዲያነበው የሚጻፍ ጽሑፍ ነው የሚለው እምነታቸውና ይህን እምነት በሥራ ላይ ለማዋል የደከሙት ድካም ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግሬስ ብሩስተር መሬይ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ገና በሰባት ዓመታቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ፈልገው በቤት ውስጥ የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች አንድ በአንድ ፈታትተዋቸዋል። እናታቸው ነገሩን ባወቁ ጊዜ ልጃቸውን ፈጽመው አልከለከሉም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንዱን ሰዓት ብቻ እንዲፈቱ ወሰኑባቸው። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። በ1930 ከዬል ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በ1930 ቪንሰንት ሆፐር ከተባሉ መምህር ጋር ትዳር መሠረቱ፤ በዓለም የታወቁበትንም ስም ያገኙት ከዚሁ ጋብቻ ነው።

ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ሲያስተምሩ ተማሪዎቻቸውን ድርሰት ያጽፉ ነበር። ተማሪዎቹ የመጡት ሒሳብ ለመማር እንጂ ድርሰት ለመጻፍ እንዳልሆነ ሲያጉረመርሙ፣ ያወቁትን ለሌላ ሰው በሚገባ ማስረዳት እስካልቻሉ ድረስ ሒሳብ መማራቸው ፋይዳ እንደማይኖረው ይነግሯቸው ነበር። ኋላ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ የያዙት አቋም ሥሩ ከዚህ የመምህርነት ዘመን ይጀምራል።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሕይወታቸውን ለወጠው። ወደ ባሕር ኃይል ለመግባት ሲያመለክቱ ዕድሜያቸው እንደ ገፋ፣ ክብደታቸውም ከተወሰነው ልክ በ7 ኪሎ ገደማ እንደሚያንስ ተነገራቸው። ቢሆንም ልዩ ፈቃድ አግኝተው በዲሴምበር 1943 ተመዘገቡ፤ ከመኮንኖች ማሠልጠኛም በአንደኛነት ወጡ። በ1944 የበጋ ወራት የተመደቡት በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በኮማንደር ሐዋርድ ኤይከን ይመራ ወደ ነበረው የሒሳብ ማስያ ክፍል ነው። በዚያም ማርክ 1 የተባለውን መኪና አገኙ። መኪናው ርዝመቱ 15 ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን ክብደቱ ወደ 5 ቶን ይጠጋ ነበር፤ ትእዛዙን ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ እያነበበ በአንድ ሴኮንድ ሦስት መደመሮችን ያከናውናል። አሠራሩን ቀድመዋቸው ከነበሩት ከሪቻርድ ብሎክና ከሮበርት ካምብል ተማሩ። ኤይከን ብዙም ሳይቆዩ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ሆፐር ከዚያ በፊት መጽሐፍ ጽፈው አያውቁም ነበር፤ ሆኖም ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ከ500 ገጽ የሚበልጠው መመሪያ በ1946 ታትሞ ወጣ።

ማርክ 2 በተባለው ተከታይ መኪና ውስጥ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 አንዲት የእሳት ራት ሪሌዩ ውስጥ ገብታ ሞታ ተገኘች። የሥራው ባልደረቦች በመዝገቡ ላይ ለጥፈዋት ከጎኗ ማስታወሻ ጻፉ። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ነፍሳትን የሚያመለክተው ባግ የሚለው ቃል ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በኤዲሰን ዘመን ሳይቀር፣ ለመሣሪያ ብልሽት ይነገር ነበር፤ ቀልዱም የተወደደው ለዚሁ ነው። ራቷን ያገኙት ሆፐር አይደሉም፤ እርሳቸው ያደረጉት ታሪኩን ደጋግሞ መናገር ነው። በዚያ ክፍል ስሕተት ሲገኝ ከተገኘበት ሰዓት ጋር በመዝገብ ይሰፍር ስለነበረ፣ ያ ገጽ ሳይጠፋ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል።

የሐርቫርድ ዘመን በመልካም አልተፈጸመም። ትዳራቸው በ1945 ፈረሰ። ዩኒቨርሲቲው በዚያን ጊዜ ለሴት ቋሚ የሥራ መደብ የሚሰጥ ስላልነበረ፣ የውል ዘመናቸው በ1949 ሲያበቃ መሰናበት ግድ ሆነባቸው። የሥራው ጫናና ብቸኝነቱ በእነዚያ ዓመታት ወደ መጠጥ እንዳዘነበላቸው የሕይወት ታሪካቸውን ያጠኑ ሰዎች መዝግበዋል። ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ፣ የቀድሞውን የማስተማር ሥራ የለቀቁ፣ አዲሱም ሥራ በሩን የዘጋባቸው ሴት ነበሩ።

በዚሁ ዓመት በፊላደልፊያ ኤከርትና ሞክሊ የተባሉት መሐንዲሶች ያቋቋሙትን አነስተኛ ኩባንያ ተቀላቀሉ። ኩባንያው ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር በመሥራት ላይ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ የሠሩበት ባይናክ የተባለው መኪና በስምንት መሠረት በሚቆጠር ሒሳብ የሚጻፍለት ሲሆን፣ ሆፐርም ይህንኑ አቆጣጠር እጅግ ከመልመዳቸው የተነሣ የባንክ ሒሳባቸው አልገጥም አላቸው። የባንክ ባለሙያ የነበሩት ወንድማቸው ሒሳቡን ሲመረምሩ እኅታቸው አልፎ አልፎ የሚቀንሱት በስምንት መሠረት ሆኖ ተገኘ። ሆፐር ይህን እየሳቁ ይናገሩት ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ቀላል አልነበረም። ሰው ራሱን ከመኪናው ጠባይ ጋር እያስማማ ከመኖር መኪናው ለሰው ጠባይ ቢገራ ይሻላል ብለው ወሰኑ።

የዚያን ዘመን ፕሮግራመሮች የሥራ ልማድም ይህን ውሳኔ አጠናከረላቸው። እያንዳንዱ ባለሙያ በትክክል እንደሚሠሩ ያረጋገጣቸውን ንዑስ ፕሮግራሞች በደብተሩ ይመዘግባል፤ ሌላው ሲያስፈልገው ደብተሩን ተውሶ በእጁ ይገለብጣል፤ የማኅደረ ትውስታውንም አድራሻዎች እየደመረ ይቀይራል። ሆፐር እንደ ታዘቡት ፕሮግራመሮች በትክክል መደመርም ሆነ መገልበጥ አይሆንላቸውም ነበር። ‹ቢ› የተባለችው የላቲን ፊደል 13 ሆና ትገለበጣለች፤ 4 ቁጥርም ሌላ ምልክት ትመስላለች። መኪናው ግን መደመርም መገልበጥም ሥራው ነው። እንግዲያስ ይህን አሰልቺ ሥራ ለመኪናው ትቶ ሰው ለማሰብ ነፃ ቢወጣ ምን ይከለክላል?

ከ1951 መጨረሻ እስከ 1952 አጋማሽ በሠሩት ኤ-0 በተባለው ኮምፓይለር ፕሮግራመሩ የንዑስ ፕሮግራሞቹን መጠሪያ ቁጥር ብቻ ሲሰጥ፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ከጥብጣብ ላይ ፈልጎ፣ አድራሻቸውን አስተካክሎ፣ አንድ ሙሉ ፕሮግራም አድርጎ ይገጣጥማቸዋል። በሥራው መካከል አንድ ችግር ገጠማቸው፤ ፕሮግራሙ ገና ወዳልተጻፈ ክፍል እንዲዘል ሲፈለግ የመድረሻው አድራሻ አይታወቅም። መፍትሔውን ያገኙት በኮሌጅ ይጫወቱት ከነበረው ከቅርጫት ኳስ ነው። ተጫዋቿ ኳሱን ለጓደኛዋ ትወረውርና ወደ ፊት ሮጣ ዳግመኛ ትቀበላለች። ሆፐርም በማኅደረ ትውስታው ዳር አንድ ማዕዘን ለይተው ዝላዩ ለጊዜው ወደዚያ እንዲሄድ አደረጉ፤ እውነተኛው መድረሻ ሲታወቅ ከዚያ ማዕዘን ወደ ስፍራው ይሻገራል። ኤ-0 ዛሬ ኮምፓይለር ከሚባለው ሥራ ጥቂቱን ብቻ ያከናውን እንደ ነበር እሙን ነው። ቢሆንም ኮምፒዩተር ሒሳብ እንጂ ፕሮግራም መሥራት አይችልም የሚሉ ሰዎች ሥራው በፊታቸው እየተካሄደ እንኳ ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው።

ቀጥሎ የመጣው ሙግት ከዚህ የከበደ ነበር። በንግድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ያለ ሰው የሒሳብ ምልክት እንዲማር ከማስገደድ በሚያውቀው ቋንቋ ቢጽፍ ይሻላል ብለው ለኩባንያው አለቆች ሐሳብ አቀረቡ። የተሰጣቸው መልስ ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ አያውቅም የሚል ነበር። ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ሐሳቡ ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት አንድ አጭር ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ቃላት አዘጋጁ። ለኮምፒዩተሩ ቃላት ሁሉ ምልክቶች ብቻ መሆናቸውን ለማስረዳትም ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጻፉት። ይህ ግን አለቆቹን ይበልጥ አስደነገጣቸው፤ በአሜሪካ የተሠራ መኪና የውጭ አገር ቋንቋ ማወቁ ሊዋጥላቸው አልቻለም። ሆፐር እንግሊዝኛውን ብቻ እንደሚይዙ ቃል ገብተው ሥራውን አስቀጠሉ። ፍሎው-ማቲክ የተባለው ቋንቋ የተወለደው እንዲህ ነው።

በሜይ 1959 የኮምፒዩተር አምራቾችና ተጠቃሚዎች ለንግድ ሥራ የሚሆን አንድ የጋራ ቋንቋ ለማውጣት በፔንታጎን ተሰበሰቡ። ኮቦልን የነደፉት ዣን ሳሜትን የመሳሰሉ የኮሚቴ አባላት ናቸው፤ የሆፐር ድርሻ ማማከር፣ መወትወትና በፍሎው-ማቲክ መሠረቱን መጣል ነበር። በዲሴምበር 1960 ያው አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ ሠርቶ ታየ። ቋንቋው ነቃፊ አላጣም። ቃል ያበዛል የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ታላቁ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራም በ1975 ከባድ ወቀሳ ሰንዝረውበታል። ነቀፋው መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም ዳይክስትራ የተቆረቆሩት ለፕሮግራመሩ የአስተሳሰብ ጥራት ሲሆን፣ ሆፐር ደግሞ የተቆረቆሩት ፕሮግራሙን ለሚያነበውና ሥራውን ለሚያውቀው የቢሮ ሠራተኛ ነበር።

በ1966 መጨረሻ ባሕር ኃይሉ በዕድሜ ምክንያት ጡረታ አወጣቸው። ከወራት በኋላ፣ በኦገስት 1967፣ የፕሮግራም ቋንቋዎቹን ወጥ እንዲያደርጉለት ለስድስት ወር መልሶ ጠራቸው፤ ስድስቱ ወር ግን ወደ ሃያ ዓመት የተጠጋ አገልግሎት ሆነ። በእርሳቸው መሪነት የተዘጋጁት መፈተኛ ፕሮግራሞች አንድ አምራች ያቀረበው የኮቦል ኮምፓይለር ደንቡን መጠበቁን ያረጋግጡ ነበር። በ1969 አንድ የአሜሪካ የመረጃ አቀናባሪዎች ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀውን የዓመቱ የኮምፒዩተር ሳይንስ ሰው ሽልማት ሰጣቸው፤ የሽልማቱ ስም በእንግሊዝኛ የተሰየመው ለወንድ ነበር።

ሆፐር ንግግር ሲያደርጉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሽቦ ለአድማጮች ያድሉ ነበር። ይህም ብርሃን በአንድ ናኖሴኮንድ፣ ማለት በሴኮንድ ቢሊዮንኛ፣ የሚጓዘው ርቀት ነው። የማይክሮሴኮንዱ ጥቅል ግን 300 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ፕሮግራመር የሚያባክነውን ጊዜ እንዲያውቅ እንዲህ ያለ ጥቅል ከጠረጴዛው በላይ ቢሰቀልለት መልካም ነው ይሉ ነበር። ከአንድ ግዙፍ ኮምፒዩተር ይልቅ ተባብረው የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች እንደሚሻሉ ሲያስረዱም፣ የጥንት ሰፋሪዎች ግንዱ ለአንድ በሬ ሲከብደው በሬውን ለማግዘፍ እንዳልደከሙ፣ ሁለተኛ በሬ እንደ ጠመዱ ይጠቅሳሉ። ስለ ቢሮ አስተዳደር የነበራቸውም አሳብ ግልጽ ነው፤ ዕቃ ይተዳደራል፣ ሰው ግን ይመራል። ኮምፓይለር ከመሥራታቸው ይልቅ የሚኮሩት ወጣቶችን በማሠልጠናቸው ነበር።

ኦገስት 14 ቀን 1986 በቦስተን ወደብ፣ ኮንስቲቲዩሽን በተባለችው ጥንታዊት የጦር መርከብ ላይ፣ በ79 ዓመታቸው በአድሚራልነት ማዕረግ ተሰናበቱ። ከዚያም ለዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን አማካሪ ሆነው ሠሩ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 አርፈው በአርሊንግተን መካነ መቃብር ተቀበሩ። በስማቸው የተሰየመች የጦር መርከብ በ1997 ሥራ ጀመረች፤ በ2016 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነፃነት ሜዳይ ተሰጣቸው።

በኤፕሪል 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ ያጡ ሰዎች ለእርዳታ ሲያመለክቱ፣ የኒው ጀርሲ አገረ ገዥ የግዛቱን አሮጌ ኮምፒዩተሮች የሚረዱ የኮቦል ባለሙያዎች በፈቃደኝነት እንዲመጡ በይፋ ጠየቁ። ከስድሳ ዓመት በፊት የተወለደው ቋንቋ ገና በሥራ ላይ ነበር። ይህ በአንድ በኩል የሆፐርን እምነት ያጸናል፤ ፕሮግራም ከጸሐፊው ዕድሜ ሊተርፍ ስለሚችል ለማያውቁት ሰው እንደሚጻፍ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ ልማድን ሲያወግዙ የኖሩት ሴት ያዋለዱት ቋንቋ ራሱ ማንም ሊነካው የማይደፍር ልማድ ሆኖ ተገኘ። ሆፐር በሕይወት ቢኖሩ የትኛውን አስቀድመው እንደሚያነሡ ለመገመት አያስቸግርም፤ ሰዓቱ ከግድግዳቸው አልወረደም ነበርና።