ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሰልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። ከእ.ኤ.አ. 1972 ጀምሮ ሕይወታቸው እስካለፈበት እስከ እ.ኤ.አ. 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዝዳንት ሆነው አገልግለዋል።

የተወለዱት በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ይድነቃቸው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ መጫወት ጀመሩ፤ ለክለቡ በ23 ዓመታት ውስጥ 365 ጨዋታ አድርገው 318 ግብ አስቆጥረዋል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

'''ቡድኖቹና ተጫዋቾቻቸው'''

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የስፖርቱን ጽሕፈት ቤትና ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙት ዋነኛው እርሳቸው ሲሆኑ የጨዋታውን ሕግም ወደ አማርኛ መልሰዋል። በ1936 ዓ.ም. በተጀመረው ሻምፒዮና የተካፈሉት አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በቀር ሁሉም የውጭ ዜጎች ቡድኖች ናቸው። እነሱም የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ተልዕኮ ቡድን ሲሆኑ ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ነው።

ሊግ ሲሰፋ አዲሶቹ ቡድኖች ተጫዋች ከየት ያመጣሉ የሚለው በየትም አገር የሚነሳ ጥያቄ ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል እ.ኤ.አ. በ1961 አዳዲስ ቡድኖች ሲጨመሩ ነባሮቹ ከተጫዋቾቻቸው በክፍያ እንዲያካፍሉ ተደርጓል። በኢትዮጵያ ግን የሚያካፍል ነባር ክለብ አልነበረም፤ ክፍተቱን የሞሉት ጦር ሠራዊቱ፣ ጠቅላይ ግዛቶቹና ፋብሪካዎቹ ናቸው። ፋብሪካ ለተጫዋቹ ሥራና ደመወዝ ስለሚሰጥ ከክለብ መዋጮ ይልቅ የተሻለ መሠረት ነበረው። የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ ደጋግሞ ሻምፒዮን ሆኗል። በአዳማ አጠገብ የሚገኘው የወንጂ ስኳር ፋብሪካም የራሱን ቡድን አቋቁሟል።

የዚህ መስፋፋት ፍሬ በጥር 1954 ዓ.ም. ታየ። ይድነቃቸው ያሰለጠኑት ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከጥጥ ፋብሪካ፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ ከቅዱስ ጊዮርጊስ የመጡ ነበሩ። ቡድኑ በአንድ ክለብ ወይም በአንድ ከተማ ተጫዋቾች ብቻ ቢሠራ ኖሮ ይህን ያህል መድረሱ ያጠራጥራል።

'''በካፍ'''

ካፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያን ከወከሉት አንዱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ የመጀመሪያው ዋንጫም በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ተካፋዮቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ስምንት ደረሱ። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጠቅላላ አንድ ቦታ ብቻ ሲመድብ አፍሪካውያን ውድድሩን አቋረጡ፤ ይድነቃቸውም በዚህ ትግል ከፊት ከተሰለፉት ነበሩ። ለ1970ው ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ቦታው ሁለት ሆነ።

ብዙ ያከራከረው ግን በውጭ የሚጫወቱትን የሚመለከተው ጉዳይ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1965 ጀምሮ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ በውጭ አገር የሚጫወቱ ሰዎችን ማሰለፍ አይችልም ነበር። ይድነቃቸው አፍሪካ ለአውሮፓ ክለቦች ተጫዋች አምራች ብቻ ሆና እንዳትቀር ይሰጉ ነበር፤ በአገር ውስጥ ሊጎች ላይም አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። ተቃዋሚዎች ደግሞ ደንቡ ምርጥ ተጫዋቾችን ከአገራቸው ማሊያ ይለያል ይሉ ነበር። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው፤ አሸናፊው ግን የገንዘቡ ጉልበት ሆነና ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1982 ተነሳ።

ከእ.ኤ.አ. 1971 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል የነበሩት ይድነቃቸው ሲያርፉ የካፍን ፕሬዝዳንትነት ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ተረከቡ። የአፍሪካ ዋንጫ ተካፋዮች ከስምንት ወደ አሥራ ሁለት ያደጉት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ደቡብ አፍሪካም በዚያው ዓመት ወደ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ተመልሳ እ.ኤ.አ. በ1996 ራሷ ባዘጋጀችው ውድድር ዋንጫውን ወሰደች።