ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ የጦርነትንና የገበያን ዝምድና የመረመሩ ሊቅ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ባለሟል የነበሩ ሲሆን፣ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሞቱ። አባት አልባ የሆነው ሕፃን ነፍስ ያወቀበት ጊዜ ሕዝቡ ክፉ ቀን እያለ የሚያስታውሰው ዘመን ነበር። የከብት እልቂት በመግባቱ በሬ ጠፋ፤ በሬ በመጥፋቱ መሬቱ ጦሙን አደረ፤ ከዚሁ ከተራበው ገበሬ ጎተራ ደግሞ ሠራዊቱ ቀለቡን ይሻ ነበር። ገብረ ሕይወት በኋላ ዘመናቸው በጦርነትና በድኅነት መካከል ስላለው ትስስር ያቀረቡት ሐሳብ ከዚህ የሕይወት መነሻ ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም።

ገና በልጅነታቸው በምፅዋ አጠገብ በምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በኦስትሪያ በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ዘንድ አደጉ፤ የጀርመንኛ ቋንቋንም ጠንቅቀው ተማሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሓፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙበት ወራት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የተነሣው ሽኩቻ ለእርሳቸውም ስላልበጀ፣ ለጥቂት ጊዜ በሱዳን በስደት ቆዩ።

በ1904 ዓ.ም. ብርሃን ይሁን በተባለው መድበል ውስጥ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተሰኘው ጽሑፋቸው ታተመ። በዚህ ጽሑፍ የንጉሡ የግል ሀብት ከመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር በገንዘብ ተወስኖ እንዲከፈል፣ ሕግ በጽሑፍ እንዲደነገግና ትምህርት እንዲስፋፋ አሳስበዋል። ጥያቄያቸው ቀላል ቢመስልም የመሳፍንቱን ጥቅም በቀጥታ የሚነካ ነበር። ግብሩ በውል ያልታወቀበት ገበሬ ብዙ ቢያመርት የሚጠቀመው ሌላው ነውና፣ አብልጦ ለመድከም የሚያነሣሣው ነገር የለም።

ዋናው ሥራቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። በዚህ መጽሐፍ የሀብት ምንጭ ወርቅና ብር ሳይሆን የሰው ልጅ ሥራ መሆኑን፣ የሥራንም ፍሬ የሚያበዛው ዕውቀት መሆኑን አስረዱ። ዕውቀት ያለውና የሌለው ሕዝብ በገበያ ሲገናኙ፣ ያልሠለጠነው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የሌላውን የጥቂት ቀን ሥራ ይቀበላል። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና ዝባድ እየላከች አቡጀዲና የፋብሪካ ዕቃ ትሸምት ነበር። ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ በጦር ሜዳ የተጠበቀው ነጻነት በገበያ ቀስ በቀስ ሊሸረሸር እንደሚችል ተገነዘቡ።

ስለ ጦርነትም የነበራቸው አስተያየት ከዚሁ ሐሳብ የሚመነጭ ነው። ዘረፋ ከእርሻና ከእጅ ሥራ ይልቅ ክብርና ሹመት በሚያስገኝበት አገር ጐበዙ ሁሉ ወደ ጦር ያዘነብላል። የተከማቸው ጥሪት በየዘመቻው ስለሚወድም አገሪቱ ትደኸያለች፤ ድኅነቱም በተራው አዲስ ተዋጊ ያፈራል። በእርሳቸው ዘንድ የእርስ በርስ ጦርነት የሰው ጠባይ ክፋት ብቻ ሳይሆን የሀብት አደረጃጀት ጉድለት ውጤት ነበር።

ገብረ ሕይወት እነዚህን ጉዳዮች በመጽሐፍ ብቻ የተመለከቱ ሰው አልነበሩም። በልጅ ኢያሱ ዘመን የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ብዙዎች ሐዲዱን እንደ ሥልጣኔ ምልክት ብቻ ሲቆጥሩት፣ እርሳቸው የሚወጣውንና የሚገባውን አነጻጸሩ። ሕዝቡ ዕውቀት ካላገኘ በስተቀር ባቡሩ ጥሬ ዕቃውን እያወጣ የውጭውን ሸቀጥ የሚያራግፍ መንገድ ብቻ እንደሚሆን አስጠነቀቁ። የ1900 ዓ.ም. የፈረንሣይ ውል የገቢ ዕቃ ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ የወሰነ በመሆኑ፣ መንግሥት የአገር ውስጡን የእጅ ሥራ በቀረጥ ለመጠበቅ የነበረው ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። በአንጻሩ በየኬላው የሚሰበሰበው ቀረጥ የአገሩን ነጋዴ በራሱ መሬት ላይ ያጉላላው ነበር።

በሐሳባቸው ላይ ሊነሣ የሚችል ነቀፌታ አለ። በወገናቸው ላይ የሰነዘሩት ወቀሳ አንዳንድ ጊዜ ከመጠን ያልፋል፤ የአውሮፓንም ሥልጣኔ በአድናቆት ተመልክተዋል። ለውጡንም ከሕዝቡ ይልቅ ብርቱና አስተዋይ ከሆነ መንግሥት መጠበቃቸው፣ ያ መንግሥት ራሱ የአሮጌው ሥርዓት ተጠቃሚ ሆኖ ቢገኝ ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አይሰጥም። ሆኖም ያልተመጣጠነ ንግድ ድሃውን አገር እንዴት እንደሚያደኸይ በላቲን አሜሪካ ሊቃውንት ዘንድ በሰፊው ከመተንተኑ ከ30 ዓመት በላይ አስቀድመው ማመልከታቸው በሙያው ታሪክ ውስጥ ልዩ ሥፍራ ያሰጣቸዋል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። ዋናው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ ከ5 ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ደራሲው የታተመውን መጽሐፍ አላዩትም፤ ገበሬው ድካሙን በምን ዋጋ ይለውጣል የሚለው ጥያቄያቸው ግን የሙያው ባለቤቶች ሁሉ ሊመልሱት የሚገባ የቤት ሥራ ሆኖ ቀርቷል።